ከእሳት ሳጥኑ ሥር የነበረችው ጠብታ

«ደረቅ ነው ወይስ አይደለም?» አለ አባቷ ከላይ ሆኖ።

ልጅቷ ከባቡሩ ሆድ ሥር በጀርባዋ ተኝታለች። በአንድ እጇ ባትሪ ይዛለች፤ ሌላው እጇ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ነው። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ከወርክሾፑ ሰው ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ ሾልኮ መግባት የሚችል ሰውነት ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሽማግሌዎቹ «ብሎን» ይሏታል። የትም ትገባለች፤ አንዴ ከገባች ደግሞ በቀላሉ አትወጣም።

ባቡሩ የድሮ የእንፋሎት ባቡር ነው፤ ያውም ትንሹ ዓይነት። ሐዲዱ ከመጥበቡ የተነሳ ብሎን አንድ እግሯን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላኛው ብረት ላይ አድርጋ ትቆምበታለች። አርባ ዓመት ሙሉ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ ዝጓል። አንዲት ኢንጂነርና ጥቂት ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች ሊያስነሡት ቆርጠው ከተነሡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ፈታተውታል፤ ዝገት የበላውን ለውጠዋል፤ የጠፋውን ዕቃ ከአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ እያዩ እንደ አዲስ ሠርተዋል። የብየዳው ሥራ የአባቷ ነው።

ዛሬ ቦይለሩ ይፈተናል። ውኃው የሚፈላበትን ያን ትልቅ የብረት ጋን በቀዝቃዛ ውኃ ሞልተው፣ በእጅ ፓምፕ ግፊቱን ባቡሩ ከሚሠራበት በላይ ከፍ አድርገውታል። የሚያፈስ ቦታ ካለ የሚታወቀው ዛሬ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈስ ልብስ ያረጥባል እንጂ ሰው አይጎዳም። እንፋሎት ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብሎን ባትሪውን ወደ ጥጉ አዞረች። አባቷ ባለፈው ወር የበየደው ቁራጭ ብረት ያለው እዚያ ነው፤ ከሰሉ ከሚነድበት ከእሳት ሳጥኑ ግርጌ፣ እሳት አንዳጁ ከሚቆምበት ወለል አጠገብ። በብየዳው መስመር ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ተንጠልጥላለች።

በእጅጌዋ ጠረገቻት። ትንፋሿን ይዛ መቁጠር ጀመረች። አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ጠብታዋ ተመልሳ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ትንሽ እርጥበት አለ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቷ ጎንበስ ሲል ፊቱ በመንኮራኩሮቹ መካከል ታያት። ዓይኖቹ ወደ እሷ ዞረዋል፤ ግን እሷ ላይ አላረፉም፤ ከትከሻዋ አለፍ ብሎ ያለውን ጨለማ ነው የሚያዩት።

«ላብ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባበት ብረት ያልበዋል። ላብ ነው አይደል፣ እናቴ?»

የዓይኑን ነገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሃያ ስምንት ዓመት የብየዳ ብርሃን ሲያይ የኖረ ዓይን ነው። አምና በመበየጃው ኤሌክትሮድ ፓኬት ላይ ያለውን ቁጥር «እስቲ አንብቢልኝ» አላት። ቀጥሎ የመለኪያውን መርፌ። ቀጥሎ የብረቱን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ሲበይድ አየችው። ጠዋት ይዛው የምትመጣው፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣም በየቀኑ ወደ ወርክሾፑ የምትመለሰው ለዚህ ነው፤ ሲራመድ እጁን ትከሻዋ ላይ ያደርጋል፤ ሰዎቹም «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላሉ። «ለእናትሽም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትይ» ብሎ አስምሏታል።

«በእናንተ በኩልስ?» አለች ኢንጂነሯ ከባቡሩ ማዶ። «እዚህ ሁሉም ደህና ነው።»

ብሎን ጠብታዋን አየቻት። እንደገና ጠረገቻት።

«ደረቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

ኢንጂነሯ ወረቀቱ ላይ «አልፏል» ብላ ፈረመች። ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ፍም ቀዝቃዛውን ብረት አቅፎ ሳመው። ጋሽ ፍም በጉብዝናው ዘመን የዚሁ ባቡር እሳት አንዳጅ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ከእሳቱ አጠገብ አልጠፋ ስላለ ነው።

«እኔና እሷ አብረን ነበር የዛግነው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እሷን እንግዲህ ጠገናችኋት። እኔን ማን ይበይደኝ?»

ሁሉም ሳቁ። ብሎንም ሳቀች፤ የረጠበ እጅጌዋን ግን ከጀርባዋ ደበቀች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ነበራት። ረቡዕ ለኢንጂነሯ ልትነግራት ቢሮዋ በር ድረስ ሄዳ፣ ኢንጂነሯ ስልክ ላይ ስለነበረች ተመለሰች። ሐሙስ ፈተና ነበረባት። ዓርብ «እውነትም ላብ ይሆናል» አለች ለራሷ፤ ደጋግማ ስትለው ለማመን ትንሽ ቀራት።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሳት ተሞከረ። እንግዳ አልተጠራም፤ ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። ጋሽ ፍም ከንጋት ጀምሮ በአካፋ የድንጋይ ከሰል ሲያጎርሰው አርፍዷል። ብሎንና አባቷ ራቅ ብለው ቆመዋል።

«ጭሱ ምን ይመስላል?» አለ አባቷ።

«ነጭ ነው። አሁን ሳሳ።»

መጀመሪያ የተሰማው ቀጭን ፉጨት ነው። ጋሽ ፍም ፊሽካውን የነካ መስሏቸው ሰዎቹ ሳቁ። ወዲያው አንድ ነገር ጓ አለና ነጭ እንፋሎት የነጂውን ክፍል ዋጠው። ኢንጂነሯ «ይዝለሉ! ይዝለሉ ጋሼ!» እያለች ሮጠች።

መዝለል ይችል ነበር፤ በሩ ከጀርባው ነው። ግን እሳቱ ካልወረደ ቦይለሩ በሙሉ እንደሚፈነዳ፣ ከፈነዳ ደግሞ በአጠገቡ የቆመ ሰው እንደማይተርፍ ያውቃል። በእንፋሎቱ ውስጥ እሳቱን ወደ ታች የሚያራግፈው የብረት ዘንግ ሲጎተት ተሰማ፤ ፍሙ በሐዲዱ መካከል ተዘረገፈ። ከዚያ ጋሽ ፍም በራሱ እግር ወረደ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። ሱሪው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ነበር።

«ምንድን ነው? ምን ሆነ? ንገሪኝ እንጂ!» አለ አባቷ ትከሻዋን እየነቀነቀ።

አልነገረችውም። ሰምቶ ጨርሷል፤ ከፊቱ ያስታውቃል።

ሰኞ ትምህርት ቤት፣ ወሬ ስለማያመልጣት «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ዘጭ አለች።

«ሰማሽ? ሽማግሌው ነው አሉ ጉድ የሠራው። ባቡሩን ቀስ አድርጎ ማሞቅ ሲገባው አጣድፎ አነደደው፤ ብረቱ አልቻለም፣ ተተረተረ።»

«ማነው ያለው?»

«ሁሉም ነዋ! ብየዳው ተፈትሾ አልፏል፤ ወረቀት አለ። ታዲያ ከእሱ ሌላ ማን ይሆናል? ሐሙስ ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። አቦ፣ በዚያ ዕድሜ ሰው እሳት ላይ ይቆማል? ፋራነት ነው።» ከዚያ ወደ ብሎን ዞር አለች። «ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

ብሎን የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሳይጀምር ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ «አምስት ደቂቃ ብቻ» አለቻት። ክፍሉ የመድኃኒትና ሌላ ልትጠራው ያልፈለገችው ነገር ይሸታል። ጋሽ ፍም አንሶላው እግሩን እንዳይነካው ከብረት ቅስት ሥር ተኝቷል። ፊቱ ባንዴ ትንሽ ሆኗል።

«ብሎኔ፣ መጣሽ?»

«እንዴት ሆኑ ጋሼ?»

«እንዳየሽኝ ነኝ። ግራውን ሊቆርጡት ነው መሰለኝ፤ እኔ ፊት አያወሩትም።» ዓይኑን ወደ ጣሪያው አደረገ። «አጣደፍኳት።»

«ምን አሉኝ?»

«እሳቱን። የዚህችን ዓይነት ቦይለር በቀስታ ነው የሚያሞቁት፤ ልጅ እያለሁ ነው የተማርኩት። ቀስ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ግን ልብ አለ አይደል? ድምጿን ልስማ ብዬ ሳላውቀው አብዝቼባት ይሆናል። ብየዳው እንደሆን ደረቅ ነው፤ አንቺም በዓይንሽ አይተሽዋል። እንግዲህ ከእኔ በቀር ማን ሊሆን ነው?»

ብሎን የትራሱን ጫፍ አስተካከለችለት።

«ለአባትሽ ንገሪልኝ» አለ ጋሽ ፍም ዓይኑን ከድኖ። «ያን የመሰለ ሥራውን አበላሸሁበት። ይቅር ይበለኝ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ከልብስ ስፌት ሥራዋ አልተመለሰችም። አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ኤሌክትሮዶችን በጣቱ እየለካ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያል።

«ጋሽ ፍም ይቅርታ ይለምንሃል» አለችው ቆማ።

ጣቶቹ ቀጥ አሉ።

«ሥራህን ስላበላሸብህ። ይቅር ይበለኝ ብሏል።»

«ተይኝ እባክሽ።»

«ሐሙስ እናገራለሁ አባዬ።»

«ምን ብለሽ?»

«ጠብታ ነበረች ብዬ።»

«ላብ ነበር አልኩሽ!»

«ጠረግኳት። ተመልሳ መጣች።»

አባቷ አንዱን ኤሌክትሮድ በጣቶቹ መካከል አሽከረከረ። በኋላ ድምፁ ሲመጣ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነበር። «ደረቅ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ምን አይቼ? የነገርሽኝን አመንኩ።»

ብሎን ጥፊ የቀመሰች ያህል ጉንጯ ጋለ። ከሁሉ የባሰው ውሸት አለመሆኑ ነው። ብላለች። ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለች። «ግን እዚያ ሥር ለምን እንደምትልከኝ አንተም ታውቃለህ።»

«እና ከዚያስ?» አለ፤ ኤሌክትሮዶቹ ከጭኑ ላይ ተንከባልለው መሬት ላይ ተበተኑ። «ዓይኔን ሲያውቁ አንድ ሰው በር ይከፍትልኛል? እጄ ሌላ ምን ያውቃል? እናትሽ ብቻዋን ልትሸከመን ነው? ሽማግሌውን እንደሆነ ማንም አያስረውም። አርጅቷል፤ ይሉኝታ አለ፤ ያልፋል።»

«ራሱን ነው የሚከሰው አባዬ። ሳላውቀው አብዝቼ ይሆናል እያለ ራሱን።»

ተንበርክካ የተበተኑትን ለቀመችለት። ወፍራሙን ከቀጭኑ ለይታ በእጁ ስታስይዘው እንኳ ቀና አላለም።

ሐሙስ ጠዋት አባቷን አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ተወችው። «አልሄድም» አላለም፤ «እሄዳለሁ»ም አላለም። የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

ባቡሩ ጎኑ ጠቁሮ፣ ጥጉ ላይ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ቆሟል። ከፊቱ ጠረጴዛ ዘርግተው ኢንጂነሯና ሁለት የኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠዋል። የተፈረመበት ወረቀት መሐል ላይ ነው።

«አንቺ ትምህርት የለሽም እንዴ?» አለች ኢንጂነሯ።

«የምናገረው ነገር አለኝ።»

«ስለ ጋሼ?»

«ስለ ብየዳው።»

ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስተኛችና በደንብ አየቻት። «እንግዲያው አባትሽም ይኑር። ትንሽ እንጠብቀው።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ብሎን ስንጥቁን ላለማየት እየሞከረች ቆማለች።

በበሩ በኩል እግር ሲጎተት ተሰማ። አባቷ ነው። ከቤት እስከዚህ ሦስት መንገድ መሻገር አለበት፤ ከአምና ወዲህ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። አንድ ቦይ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ደፍ ላይ ሲደርስ ቆሞ የእግሩን ጫፍ ወደፊት ላከና መሬቱን ዳሰሰ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አየሩን ፈለገ። ሦስት ዓመት አብረውት የሠሩት ሰዎች እንዲህ ሲሄድ አይተውት አያውቁም። ኢንጂነሯ «ኧረ በስመ አብ» አለች ለራሷ ያህል።

ሊናገር ይምጣ ሊያስቆማት፣ ብሎን አታውቅም። ሄዳ ትከሻዋን ከእጁ ሥር አስገባችለት። እስከ ጠረጴዛው ድረስ በዝግታ መራችው፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችውና ከጎኑ ቆመች።

«እሺ» አለች ኢንጂነሯ፤ ድምጿ ተሰብሯል። «ማናችሁ ትጀምራላችሁ?»

አባቷ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ብሎን ምን ሊል እንደሆነ ለመስማት አልጠበቀችም።

«ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ልጀምር።»