እሳት ያልተሳለበት ካርታ

ታንጉት ቁርስ ይዛ ስትገባ፣ የደባርቁ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጋሼ ቢራራ አልጋቸው ላይ ሞተው አገኘቻቸው። ደረታቸው ላይ ፈረንጆች ዕጣ ፈንታ የሚያነቡባት አንዲት የታሮት ካርታ ተቀምጣለች፤ ከደመና የወጣ እጅ ቅጠል ያቆጠቆጠ ዱላ ጨብጦ ይታይባታል። ታንጉት ግን ዓይኗ የተተከለው ከአልጋው አጠገብ በበረደው የከሰል ማንደጃ ላይ ነበር። ማታ «ብርድ ጠናብኝ» ሲሏት ያስገባችው እሷ ናት።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘቢደር ወዲያው ደረሰች። በግቢው ያደሩት ታንጉት፣ በቅሎ ነጂው አለነና አስጎብኚው ገዱ ብቻ ናቸው። ገዱ የታንጉት የአክስት ልጅ ነው፤ ሥራውንም ያስገኘላት እሱ ነበር።

«መስኮቱን ዘግተሽው ነበር?» አለቻት ዘቢደር።

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ስንዝር ያህል ክፍት ትቸው ነው የወጣሁ። ጧትም እንደዚያው አገኘሁት።»

«ክፍት ከነበረ የከሰሉ ጢስ እንዴት ገደላቸው?»

ዘቢደር ጎንበስ ብላ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የአፈር ወለል በጣቷ ዳሰሰች።

«የሌሊቱ ዝናብ ከየት በኩል ነበር?»

«ከዚሁ፣ ከመስኮቱ በኩል። እስኪነጋ አላባራም።»

ዘቢደር ጣቷን አየችው። ጭቃ አልነካውም።

ከዚያ አለነን ጠራችው። ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ዱላ ሲያነሳ ሰው አይቶታል። ካርታዋን ስታሳየው፣ «ዱላ ናት እንጂ ምን ናት? በኔ ሊያሳብቡ ነው!» አለ። ገዱ በተራው ሳቅ እያለ፣ «አንዲት ፈረንጅ ትታው የሄደችው ጨዋታ ነው። እኔ ነክቼውም አላውቅ» ሲል መለሰ።

ከጥቂት ቆይታ በኋላ ገዱ ታንጉትን ወጥ ቤት አገኛት። «አፍሽን ዝጊ» አለ በሹክሹክታ። «ካርታዋ የእሳት ናት። እሳቱን ያስገባሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ብትለፈልፊ የምትታሰሪ አንቺው ነሽ።»

ረፋዱ ላይ ዘቢደር ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ዝናቡ በዚህ መስኮት ፊት ለፊት ሲወርድ አድሯል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። አንድ ሰው መስኮቱን ዝናቡ ሳይጀምር ከውጭ ገፍቶ ዘጋው፤ ካባራ በኋላ መልሶ ከፈተው። ካርታዋንም ያን ጊዜ ገብቶ ደረታቸው ላይ አስቀመጠ። አለነ፣ ምን ይታይሃል?»

«ዱላ።»

«ታንጉት፣ አንቺስ?»

«የእሳት...» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ሥዕሉ ላይ እሳት የለም። ማን ነገረሽ?»

ገዱ ዓይኑን አፈጠጠባት። ታንጉት ግን፣ «ገዱ ነው፤ አሁን ወጥ ቤት ሲያስፈራራኝ» አለች። «ፈረንጇ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታስተምረው ሻይ የማቀርብላቸው እኔ ነበርኩ።»

«ትዋሻለች!»

«ከካርታዎቹ ጋር የነበረችውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቤያታለሁ» አለች ዘቢደር። «ካርታዎቹ እንደ አራቱ ባሕርያት ናቸው፤ ዋንጫው ውሃ፣ ሰይፉ ነፋስ፣ ሳንቲሙ መሬት፣ ዱላው እሳት። እንጨት እሳትን በውስጡ ይዞ ይኖራልና። ቅጠሉ ደግሞ እሳቱ የሚያጠፋ ሳይሆን ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣ መሆኑን ያሳያል። ይህን ያልተማረ ሰው ዱላ እንጂ እሳት አይልም። አንተ ዱላውን የመረጥከው አለነ እንዲጠረጠር ነበር፤ ታንጉትን ስታስፈራራ ግን የተማርከው አመለጠህ። ካርታውን አልነካሁም ብለህ ለምን ዋሸኸኝ?»

ገዱ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «በመጋቢት ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ አጠገብ፣ ሳሩን ያቃጠለው የኔ ሲጋራ ነው» አለ። «በእሳቱ አንድ የፓርኩ ጠባቂ ሞተ። ጋሼ ቢራራ አይተውኝ ነበር። ሰኞ ለፖሊስ እናገራለሁ አሉኝ።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ታንጉት እንደቆመች ቀረች።

«አንቺ አልገደልሻቸውም» አለቻት ዘቢደር።

«አውቃለሁ። እናቱ ዳባት ነው የምትኖር፤ አክስቴ። ማን ይነግራታል?»

«ሰው እልካለሁ።»

«የለም» አለች ታንጉት እንባዋን እየጠረገች። «ከሰው አፍ አትስማው።» ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መናኸሪያው ወረደች።