ስርጉድ ያልነበረው የራስ ቁር

ብረት ቀጥቃጩ በሥራ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። የጥንት ፈረሰኞች ያደርጉት የነበረውን ዓይነት የብረት ቁር አጥልቋል፤ ቁሩ ከግንባሩ ላይ ተበስቷል። በቀኝ እጁ ሽጉጥ ይዟል።

«ሞኝነቱ ነው የገደለው» አለ ታናሽ ወንድሙ ዓይኑን እየጠረገ። «‹ይህ ቁር ጥይት ይመልሳል› እንዳለ ራሱ ላይ ሞከረው።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምስማር» ይሏታል፤ አንዴ ከተተከለች አትነቀልም። ተንበርክካ ቁሩን በጣቷ ዳበሰችው። ከቀዳዳው በቀር እንደ መስታወት ልሙጥ ነው።

«እንዲህ ያስተማመነው ምንድን ነው?»

«ትናንት ይህንኑ ቁር የአሸዋ ጆንያ ላይ ደፍተን ተኩሰንበት ነበር። ሰረጎደ እንጂ አልተበሳም። ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ!»

የሽጉጡ ባለቤት ጎረቤታቸው ጡረተኛው ወታደር ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ ትናንት ለሟቹ ያዋስኩት። ‹ጋሼ፣ ለአንድ ሙከራ ነው› ብሎ ለመነኝ። ‹አንተ ሰው፣ ይሄ ለሰይፍና ለቀስት የተሠራ ነገር ነው፤ ጥይት የት ያውቃል?› ብዬው ነበር። ምነው እጄን በሰበረው!»

የሟች ሚስት ጓዳ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«ትናንት ተኩሱን ሰማሁ» አለች። «ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ምን ሆነሃል ስለው ‹ነገ ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ወንድሙንማ ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ተጠየፈው።»

«እነማንን ነው የሚሰበስበው?»

«የጥበቃ ሠራተኞቹን ይመስለኛል። ባሌ ቁሩን የሚሠራው ለቲያትር ቤት ነበር። ለጥበቃዎች መሸጥ የጀመረው ዋርሳዬ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ከሟቹ ራስ ያወጣውን ጥይት ላከላት። እሷ ደግሞ ጆንያውን ዘርግፋ ከአሸዋው ውስጥ ሌላ አገኘች። ወንድሙን፣ ጡረተኛውንና ሚስቱን ሥራ ቤት ሰብስባ ሁለቱን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህ ከአሸዋው የወጣ ነው። ብረት በስቶ ስላለፈ ተጨፍልቋል። ይህ ከራሱ የወጣው ግን ጫፉ እንኳ አልተጣመመም። እንግዲህ ሲመታ ቁር አላደረገም፤ ከሞተ በኋላ ነው ያጠለቁለት።»

«ማን?» አሉ ጡረተኛው።

«ቁሩ ቀዳዳ እንጂ ስርጉድ የለውም። ትናንት ሰረጎደ ያለኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ትናንት ነው የተበሳው። ወንድምህ መበሳቱን በዓይኑ ያየውን ቁር ራሱ ላይ አይሞክርም። ጥበቃዎቹን ሊያስጠነቅቅ ሲል ቀደምከው።»



«ለጥበቃዎቹ ‹ጥይት ይመልሳል› ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር» አለ ታናሽየው። «አጭበርባሪ ሊያስብለኝ! አባት ሆኖ ያሳደገኝ ሰው እንዴት አሳልፎ ይሰጠኛል?»

ሚስትየው ብድግ አለች።

«ልጄስ? ጥበቃ ሥራ ያስገባኸው አንተ፣ ቁሩን በገዛ እጅህ ያጠለቅክለት አንተ!»

«የት ነው ያለው?» አለች መርማሪዋ።

«ከከተማ ውጭ መጋዘን እየጠበቀ ነው። መርዶውን ገና አልነገርነውም» አለች እናቱ።

መርማሪዋ ቁጥሩን ተቀብላ ለልጁ ደወለች።

«ያን ቁር አሁኑኑ አውልቀህ ወደ ቤት ና።»

ልጁ ሳቀ። «አይዞሽ እህቴ፣ የአባቴ የእጅ ሥራ ነው። ምንም አልሆንም።»

እናትየዋ ስልኩን ተቀበለች። አፏ ግን አልላወስ አላት።