ሲሪንቃ ላይ ጠብቂኝ

ውባለም ይስማው ቀዩን እስክሪብቶ የገዛችው ለበቀል ነው። የወልድያ ከተማ ፕላን ክፍል ባለሙያ ሁሉ በሰማያዊ ነው የሚጽፈው። እሷ ግን የደጀንን ስም ከዲዛይኑ ሽፋን ላይ ያነበበች ዕለት ምሳዋን ትታ ወጣችና ቀይ ገዝታ ተመለሰች።

ዲዛይኑ የሁለት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃዎች ነው። ቦታው የመርሳ፣ የቆቦና የላሊበላ መንገዶች የሚገናኙበት፣ ባጃጁና አይሱዙው ቀኑን ሙሉ የሚጋፋበት መስቀለኛ ነው። በጦርነቱ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ማኅበር ከአንድ ባለሀብት ጋር ሆኖ አፓርታማና ቢሮ ሊሠራበት ነው። የከተማው ሰው «መቼ ነው የሚጀመረው?» ይላል። መጀመሩ ደግሞ የተንጠለጠለው በውባለም ፊርማ ላይ ነበር።

ደጀን ወረቀቱን ታቅፎ ሲገባ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከስቷል። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው አጠገብ ግን ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ልቧ እንደ ድሮው ድንግጥ ሲል ተሰማትና በገዛ ልቧ ተናደደች።

«ውቤ...»

«ወይዘሪት ውባለም። ይቀመጡ።»

ሦስት ዓመት በፍቅር «አንተ» ሲባል የኖረ ሰው፣ ከዚያችው አፍ «እርስዎ» ሲባል እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል። ደጀን ተቀመጠ።

«ቢሮው በዝቷል» አለችው። «ሠራተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ሲወጣ መስቀለኛው ጭር ይላል። መኖሪያ ይጨመር።»

በሁለት ሳምንት አስተካክሎ መጣ።

«አሁን ደግሞ መኖሪያው በዝቷል። ቀን ሠራተኛ ከሌለ የምድር ቤቱን ሱቅ ማን ይከራየዋል?»

በሦስተኛው የታችኛውን ሦስት ፎቅ ለቢሮ፣ የላይኛውን አምስት ለመኖሪያ አድርጎ፣ የመኪና መግቢያውን ከዋናው መንገድ አሽሽቶ አመጣላት። ቤቷ ወስዳ አየችው። እንከን የለውም፤ ያስተማሯት ሁሉ ቢሰበሰቡ ከዚህ የተሻለ አያወጡም። በማግስቱ በቀይ «ሚዛኑ ይስተካከል» ብላ መለሰችው። እንዴት እንደሚስተካከል አልጻፈችም።

ጨካኝ ናት የሚል ካለ የሲሪንቃውን ቀን አልሰማም።

ነሐሴ 2013 ወልድያ በከባድ መሣሪያ ድምፅ ስትናጥ ደጀን ደውሎ «አባትሽን ይዘሽ ሲሪንቃ ላይ ጠብቂኝ፤ በመኪና እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ባጃጅ በመርሳ መንገድ ላይ ካለችው ሲሪንቃ አደረሳቸው። አባቷ አቶ ይስማው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። መንገድ ዳር ካለው ግራር ሥር ከጠዋት ጀምሮ ቆሙ። «እንሳፈር» ሲሏት «ደጀን ይመጣል» እያለች ስንቱን መኪና አሳለፈች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ መጣ። ደጀን መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። አያት። አየችው። መኪናው ሳይቆም አለፈ።

ከዚያ ወዲያ የቆመላቸው የለም። እስከ መርሳ በእግራቸው ሄዱ። የአባቷ እግር ቆሰለ። መርሳ ላይ መድኃኒት በሌለበት አራት ወር ከረሙ፤ መንገድ ሲከፈት ደሴ ወስዳቸው እግራቸው ተቆረጠ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አራተኛው ዲዛይን ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለ እትዬ እልፍነሽ ቢሮዋ መጡ። ቤታቸው በመድፍ ፈርሶ ሸራ ሥር የሚኖሩ የማኅበሩ አባል ናቸው።

«ልጄ፣ ክረምቱ እኮ ደረሰ። ባለሀብቱም ‹እስከ ሰኔ ካልተፈቀደ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ› ብሏል። ቤቱ ምን ጎደለው?»

«ሚዛኑ ነው፣ እትዬ...»

«እኔ የፎቅ ሚዛን አላውቅም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ መሆኑን ግን አውቃለሁ። እኔ ነኝ ሣሩ?»

ውባለም በቀሏን ለደጀን ያዘጋጀችው መስሏት ነበር፤ ዝናቡ የሚወርደው ግን በሴትዮዋ ላይ ነው። አፈረች። ከሰዓት ደጀንን አስጠራችውና ፋይሏ ውስጥ የቀረውን የሦስተኛውን ዲዛይን ቅጂ ፊቱ አውጥታ በሰማያዊ ፈረመች።

«ያኔም ትክክል ነበር። የመለስኩት በቂም ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ» ማለቷን እሷ ልብ አላለችም። እሱ ልብ ብሏል።

«መቶ ጊዜ ብትመልሺው መቶ ጊዜ ልሠራው ነበር» አለ። «ያን ቀን እናቴ አብራኝ ነበረች። ተሳፋሪው ‹እንዳትቆም!› እያለ ሹፌሩ ላይ ይጮሃል። ከእኔ የሚጠበቀው ‹ወራጅ አለ› ማለት ብቻ ነበር። ፈራሁ፣ ውቤ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሰበብ ቢደረድር ይቀላት ነበር።

«የሕንፃው ጉዳይ አልቋል። የእኔና ያንተ ግን አላለቀም። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲሪንቃ፣ ግራሩ ሥር ጠብቀኝ።»

«ትመጫለሽ?»

«አንተም ‹እመጣለሁ› ብለኸኝ ነበር።»

ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ አረፈደች። ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ደስ አላት። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጠላዋን ስታነሣ አቶ ይስማው በክራንቻቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«ወዴት ነው?»

«በሲሪንቃ ላልፍ። በመስኮት አይቼው ላልፍ።»

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ» አሉ። «ጥዬው ያለፍኩትን ሰው በስፖኪዮ ሳየው የሚሰማኝን አውቀዋለሁ። የተቆረጠው የእኔ እግር ነው፤ ቂሙ ግን የእኔ አይደለም።»

«አባዬ፣ ዛሬ አይምከሩኝ።»

የመርሳ ሚኒባስ ተሳፍራ መስኮቱን ያዘች። ሲሪንቃ ሲደርሱ ደጀን ግራሩ ሥር ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል፤ የግራሩ ጥላ ከዞረ ቆይቷል፤ አልተከተለውም። አያት። አየችው። መኪናው አለፈ።

ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። ከዚያ ነሐሴ ወዲህ ዘጠኝ ወር ስታልመው የኖረችው ይህን ነበር። አልመጣም። አንገቷን ወደ ሹፌሩ ስፖኪዮ አሰገገች፤ ደጀን አልሮጠም፣ እጁንም አላወዛወዘም፤ ያን ቀን እሷ እንደቆመችው ቆሞ እያነሰ ሄደ።

«ወራጅ አለ!»

«መርሳ አይደል እንዴ የከፈልሽው፣ እህቴ?» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ አልኩህ!»

ሚኒባሱ ብዙ አልፎ ቆመ። ውባለም ወርዳ በመጣችበት መመለስ ጀመረች። ደጀን ሲያያት ወደ እሷ ሊሮጥ ተነሣ።

«ቁም!» ብላ ጮኸችበት። «እዚያው ጠብቀኝ!»

ቆመ። ስታለቅስም ስትሳደብም እየሰማ፣ እስክትደርስ ድረስ ጠበቃት።