የረግረጉ ሦስት ደብተሮች

ዶክተር ካሲርዬ ከረግረጉ ጥናት ጣቢያ የታንኳ ማሰሪያ ሥር፣ ደንገሉ መካከል በአፋቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በመቅዘፊያ ተመትቷል። ምግብ አብሳይዋ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ሰጥታቸው ነበር፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳቸውን ያየችውም እሷ ናት።

ከካምፓላ የመጣችው ኢንስፔክተር ናንቴዛ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ወደ ሟቹ ቢሮ ገባች። ጠረጴዛው ላይ የሦስቱ ተመራማሪዎች ደብተሮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ አጠገባቸው የረግረጉን ውሃ ወደ እርሻ የሚወስደው ቦይ ቁፋሮ እንዲቆም የሚጠይቅ ያላለቀ ደብዳቤ አለ። ሦስቱም ደብተሮች የተገለጡት የባለፈው ማክሰኞ ገጽ ላይ ነው። ባለቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አስጠራች።

የወፍ አጥኚዋ ናሙቴቢ ዓይኗ አብጦ ገባች።

«ማማዬ ላይ ነበርኩ፤ ምግብ አብሳይዋም አይታኛለች። ትልቋ ወፌ የውሃ መለኪያው እንጨት ሥር ቆማ ዓሣ ስትጠብቅ አረፈደች።»

«ውሃው ምኗ ድረስ ይደርሳል?»

«ቁርጭምጭሚቷ ድረስ። የውሃው ነገር ግን እኔን አይመለከተኝም፤ የሴንዮንጋ ሥራ ነው።»

የውሃ ባለሙያው ሴንዮንጋ ረጋ ብሎ ተቀመጠ። «እስከ ሦስት ሰዓት እንጨቱ ጋ ስለካ ነበር፣ ኛቦ፣ እመቤቴ። በታንኳዬ ሄጄ። ውሃው እንደ ማክሰኞው ነው፤ አንድ ሜትር ከአርባ።»

የመጨረሻው የመንደሩን ሰዎች አኗኗር የሚያጠናው ሉቦዋ ነበር።

«የመንደሩ ሽማግሌዎች ጋ ነበርኩ። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

«ምን አወሩህ?»

«ያው እሮሯቸውን። ተንሳፋፊ ደንገል ወደ መለኪያው እንጨት የሚወስደውን መተላለፊያ ከዘጋው ሦስት ወሩ። ታንኳ አያልፍም።»

«ለባልደረቦችህ ነገርካቸው?»

«ለእነሱ?» ሉቦዋ በምሬት ሳቀ። «የሽማግሌ ወሬ ሳይንስ አይደለም ይሉኛል። ሰላምታም ከተውን ቆየን።»

ናንቴዛ ወደ ታንኳ ማሰሪያው ወርዳ የሴንዮንጋን ታንኳ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ምግብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው።

«የማክሰኞውን ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።»

ናሙቴቢ አነበበች፤ «ወፏ እንጨቱ ሥር። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ።» ሉቦዋ ቀጠለ፤ «መተላለፊያው እንደተዘጋ ነው።» ሴንዮንጋ ደብተሩን ወደ ናንቴዛ ገፋው።

«አንድ ሜትር ከአርባ» ስትል ናንቴዛ አነበበችለት። «በዚህ ውሃ ወፏ ትሰጥም ነበር።»

«ወፍ ልትመሰክርብኝ ነው?»

«ወፏ ብቻዋን ብትሆን እጠራጠር ነበር። ግን መተላለፊያው ዝግ ነው። ታንኳህንም አይቻለሁ፤ ገመዱና መቀመጫው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ዛሬ ጠዋት የትም አልሄድክም፣ እዚሁ ነበርክ። ዶክተሩ ሦስቱን ደብተር አንድ ላይ ሲያነቡ ቁጥሮችህ ፈጠራ መሆናቸውን ደረሱበት። ረግረጉ ሞልቷል ስላልክ ነው ውሃውን ወደ እርሻ የሚወስደው ቦይ የሚቆፈረው። ሊያስቆሙት ነበር።»

ሴንዮንጋ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ነበር የገመትኩት። ከዚያ መመለስ አቃተኝ። ዛሬ ለሁሉም እናገራለሁ ሲሉኝ… መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ናሙቴቢና ሉቦዋ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ታውቅ ነበር» አለችው።

«አንቺም ታዪ ነበር።»

ናሙቴቢ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፦ «ቦዩ ረግረጉ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ሽማግሌዎቹ እስከ እሑድ ይላሉ።»

«የት የት እንደሚያልፍ ያውቃሉ?»

«እያንዳንዷን እርምጃ።»

ናሙቴቢ ደብተሯን አንስታ ተነሣች። «እንግዲያው ከእሑድ በፊት እንድናስቆመው አሁኑኑ ውሰደኝ። ራሴ ልጠይቃቸው።»