እንጨቱ ያልነካው ላሜራ

ሟቹ የተገኘው በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ ዕድሜውን ከጨረሰባት አሮጌ የስፖርት መኪና ሥር ነው። ሆዷ ከመሬት ስንዝር የማይርቅ ዝቅ ያለች መኪና ናት። ማታ ወርዳ ደረቱን ተጭናው፣ የብየዳ ማስኩ ግንባሩ ላይ እንደተገለበጠ፣ ጠዋት እህቱ አገኘችው። ሰፈሩ «ዝምታ» ይለው ነበር።

ፖሊሶቹ ነገሩን በአጭሩ ቋጭተውታል። መኪናዋን ያነሣው ክሪክ ከጎረቤቱ ከበያጁ በውሰት የመጣ ነው፤ ክሪኩ ከድቷል፤ እንግዲህ በያጁ ይታሰር! ምስኪኑ ሰውዬ ቤቱ ሊፈርስ ነው። መርማሪዋ ግን መዝገቡ ላይ ከመፈረሟ በፊት መኪናዋን በዚያው ክሪክ አስነሣችና ተንበርክካ ታይ ጀመር።

«ምን እየሠራ ነበር?»

«ስታብላይዘሩን ነዋ፣ ኢንስፔክተር» አለ በያጁ። «መታጠፊያ ላይ መኪናዋ እንዳትጋደም የሚይዛት ዘንግ ነው። መያዣዎቹ ከሻንሲው ላይ ተቀድደው ነበር። ቅዳጁን በይዶ፣ ከላዩ የብረት ላሜራ ደርቦ ያጠነክረዋል። ግራውን ቀደም ብሎ ጨርሷል፤ የቀረው ቀኙ ነበር።»

«ብቻውን?»

«መቼ ሰው ነበረውና! ሲበይድ ላሜራውን የሚይዝለት ስለሌለ በዚያ እንጨት ያስደግፈዋል። ‹ጓደኛዬ› ነበር የሚለው።» በያጁ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ጫፉ የከሰለው እንጨት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ሁለቱንም ላሜራዎች በባትሪ አየቻቸው። የቀኙም ብየዳ አልቋል። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ትራስ። አንጀት የሚበላ ቤት ነው።

እህትየው በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ ፊቷን እየመታት ታለቅሳለች።

«ማን ይጠይቃቸው ነበር?»

«እኔ፣ አልፎ አልፎ። ታናሽ ወንድማችንማ ዘጠኝ ዓመት የጋሼን ደጅ አልረገጠም። ይቺን መኪና ከጋሼ ተውሶ፣ የጋሼን ሚስት ይዞ ሲነዳ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። እሷ ሞተች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ከሰው ተራ ወጡ።»

ታናሽየው ውስጥ ጥግ ይዞ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ፣ እርጥብ መሐረብ ዓይኑ ላይ ጭኖ ተቀምጧል።

«ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩዋቸው?»

«ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።»

«መጋረጃውን ልግለጠው?»

«ኧረ በእናትሽ ተይው! ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ያቃጥለኛል። ልቅሶ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ክሪኩ ከጠዋት ጀምሮ መኪናዋን ተሸክሟል፤ ዝንፍ አላለም። ስለዚህ አልከዳም። እጀታውን ካልጠመዘዙት አይወርድም፤ ከመኪናዋ ሥር የተኛ ሰው ደግሞ እጀታው ጋ አይደርስም። አንድ ሰው እዚህ ነበር።»

በያጁ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ግራው ላሜራ ላይ የእንጨቱ ጫፍ እየከሰለ የተወው ጥቁር ክብ አለ። ቀኙ ንጹሕ ነው። ትናንት ላሜራውን የያዘው እንጨት ሳይሆን ሰው ነው። በዚህ ቤት ያለው ማስክ ደግሞ አንድ፣ እሱም ሟቹ ግንባር ላይ። ብየዳን በባዶ ዓይን ያየ ሰው ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ ይቀላል፣ እንባ ያወርዳል፣ ብርሃን አይችልም። እህትዎ ስታለቅስ የዋለችው ፀሐይ ላይ ነው። በያጁም ይኸው ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እርስዎ ግን...»

ታናሽየው መሐረቡን አወረደ። ዓይኑ ፍም መስሏል።

«‹እንጨቱ ሰለቸኝ፣ ና ያዝልኝ› ብሎ ደወለልኝ። እየሮጥኩ መጣሁ። ‹ዓይንህን ጨፍን› አለኝ። ስንት ዘመን ያላየሁትን እጁን ልየው ብዬ አልጨፈንኩም። ጨርሰን መኪናዋን ደግፈው የያዙትን መቆሚያዎች አወጣን፤ ክሪኩ ብቻ ቀረ። ብየዳውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ከሥሯ ገባና እዚያው እንደተኛ ‹ያኔም መያዣው ተሰንጥቆ ነበር። ሳውስህ አውቅ ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም› አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ገዳይ ነኝ ብዬ ብቻዬን ኖሬያለሁ! እጄ እጀታው ላይ ነበር። ያኔ ገዳይ አልነበርኩም። አሁን ሆንኩ።»

«ምናለ በእንጨቱ ቢሠራ ኖሮ!» አለች እህትየው።

መርማሪዋ በያጁን «ክሪክህ አልከዳም፤ ወደ ልጆችህ ሂድ» አለችው። ታናሽየውን ሲያወጡት ደጃፉ ላይ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋውና መንገዱ ጠፋበት። እህቱ ደርሳ መዳፏን ግንባሩ ላይ ጋረደችለት። አንድ ወንድም ብቻ ነው የቀራት።