ወደ ግራ የዞረው መከታተያ

ተቆጣጣሪው ዌንደል ፕሩት የተገኘው የሎብስተር ወጥመድ ማባበያ በሆነው የሸተተ ዓሣ በርሜል ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን ተመትቷል። ግማቱ የወደቡን መጋዘን ሞልቶታል፤ በሩ ላይ የቆሙት አጥማጆች ግን «እሰይ» ለማለት ምንም ያህል አልቀራቸውም። አዲሱ ደንብ እያንዳንዱ ጀልባ የሄደበትን የሚመዘግብ መከታተያ ሣጥን ይግጠም ካለ ወዲህ፣ በዚያች የሜይን ግዛት ወደብ ሣጥኖቹን እየዞረ ለሚመረምረው ሰው ሰላምታ የሚሰጥ ጠፍቶ ነበር።

መርማሪዋ ሊዮና ቴሪዮ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ደረሰች። ሰውየው የሞተው ጠዋት፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ባሕር ላይ ናቸው በተባለበት ሰዓት ነው። በሣጥኖቹ መዝገብ ያልተገኘ አንድ ጀልባ ብቻ ነበር፤ የሽማግሌው የተርሎ ቢል።

«ሣጥንዎ የታለ?» አለችው ተርሎን።

«ሟቹ ትናንት ተበላሽቷል ብሎ ነቅሎ ወሰደው። ዛሬ ባሕር ላይ ነበርኩ፤ በጭጋጉ ማን ያየኛል? ሰድቤዋለሁ፣ አልክድም። አልገደልኩትም።»

ሊዮና ጀልባውን ዞራ አየች። ሽማግሌው ቀኝ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ወጥመድ የሚያወጣበትን የገመድ መጎተቻ በጀልባው ግራ ጎን አስተክሎታል። በወደቡ እንዲህ ያለ ሌላ ጀልባ የለም።

የተርሎ እህት ባል ሜርል ክራውሊ ሬሳው አጠገብ ዶናት ይገምጣል።

«የኔን ሣጥን እዪው እህቴ፣ ሙሉ ጠዋት ባሕር ላይ ነበርኩ። ሽማግሌውን ውሰጂውና እንገላገል።»

በማግስቱ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። የወረዳው ፖሊስ ለተርሎ ካቴና ይዞ ቆሟል።

«አጥማጅ ወጥመዱን ሲያወጣ» አለች ሊዮና፣ «ገመዱ በሞተሩ መዘውር ላይ እንዳይጠመጠም ጀልባውን በመጎተቻው በኩል ያዞራል። ሜርል፣ ያንተ መጎተቻ በቀኝ ነው። ትናንት ሣጥንህ ለምን ወደ ግራ ሲዞር ዋለ?»

ሜርል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ።

«ሣጥኑ የራሱ ባትሪ አለው። ነቅለህ የተርሎ ጀልባ ላይ ሸራ ሥር ሸጎጥከው። እሳቸው ሳያውቁ ይዘውልህ ዞሩ፤ አንተ በጭጋጉ ተሸሽገህ እዚህ ቀረህና ሰው ገደልክ። ሲመለሱ አንስተህ ቦታው መለስከው።»

«እኔ ከፕሩት ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

«ሣጥንህ አጋልጦህ ነበር። እሑድ እሑድ፣ ማንም በማያጠምድበት ቀን፣ የተርሎ ወጥመዶች ባሉበት ትዞራለህ። ያኔ ግን ወደ ቀኝ፣ በራስህ መጎተቻ በኩል። ፕሩት ስርቆትህ ላይ ደርሶ ሊከስህ ነበር።»

አጥማጆቹ ይህን ሲሰሙ ከሜርል ሸሹ፤ አንዱ መሬት ላይ ተፋ። በሰው መገደል ያልተጸየፉት በሎብስተር ስርቆት ተጸየፉ። ሊዮናን ከበርሜሉ ይልቅ ያቅለሸለሻት ይህ ነበር።

ተርሎ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ወጥመዴ ባዶውን ሲወጣ ባሕሩ ነጠፈ ብዬ… ብትጠይቀኝ አልሰጥህም ነበር?»

ሜርል ካቴናው እጁ ላይ ሲጠልቅ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። «ስምንት መቶ ወጥመድ ውኃ ውስጥ አለኝ! ማን ያወጣልኛል?»

ሁሉም ሽማግሌውን አዩት።

«ማንም» አለ ተርሎ። «የሰው ወጥመድ አይነካም።»