የእትዬ ጥሩወርቅ ምሰሶ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፣ እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ከሚሉት ሰዎች ወገን አይደለሁም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ማን አየ? መብራት ነበር? ሌላስ ሰው ሰምቷል?» እያልኩ ጨዋታ የማበላሸው እኔ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳመሽ ሴቶቹ እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ ወሬ የሚቀይሩትም ለዚሁ ነው። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር፣ ስለዚህ ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኛ ሲጠፋ ግን ሌላ ሱስ አለብኝ፣ ስልኬ ካሜራ ላይ የምትሰካ አውራ ጣት የማታህል ማጉያ ሌንስ ገዝቻለሁ፣ በእሷ ጥንዚዛውን፣ ጉንዳኑን፣ ክሽክሽ የሚባለውን የገብስ ተባይ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ደቃቃ ሁሉ ፎቶ አነሳና ኢንተርኔት ላይ ላለን ግሩፕ እልካለሁ፣ እዚያ እንደ እኔ የለየላቸው ሰዎች ተሰብስበን ቀንዱን ቆጥረን፣ የክንፉን መስመር አይተን፣ ተከራክረን ምንነቱን እንለያለን። ባሌ «ሰው ልጁን ፎቶ ያነሳል፣ አንቺ ቅማል ታነሺያለሽ» ይለኛል፣ ይበል። ምን እንደሆነ የማላውቀው ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ካወቅኩ ደግሞ ሳልናገር አላድርም፣ ጣጣዬ የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

አክስቴ እትዬ ጥሩወርቅ ቀየት ከተማ አጠገብ በድሮ የድንጋይ ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ባላቸው ጋሽ ተክሌ ያረፉት ባለፈው ክረምት ነው። ጋሽ ተክሌ ከማረፋቸው በፊት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ፣ ምሰሶው ሥር ያለው መደብ ላይ ተኝተው ብዙ ጊዜ ቆዩ። የሚታዘዛቸው አንድ እጅ ነበረ፣ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር በጥፍራቸው ምሰሶውን ያንኳኳሉ፣ እትዬም ጓዳ ሆነው በያዙት ማማሰያ የድስቱን ከንፈር መታ መታ ያደርጉና «አለሁ» ይሏቸዋል። እኔም ልጠይቃቸው ስሄድ ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ አንድ ጠቅ፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ ፈጠን ያለ ጠቅ ጠቅ፣ ውሃ ሲጠማቸው ደግሞ ፋታው ያጥር ነበር።

ጥቅምት ላይ እትዬ ደወሉልኝ። «ከምሰሶው ዱቄት እየረገፈ መደቡን ሞላው፣ አንቺ እንዲህ ያለውን ታውቂ የለ፣ ጣሪያው ሳይወርድብኝ መጥተሽ እይልኝ የኔ ልጅ» አሉ። ሌንሴን፣ መርፌ፣ የፕሪንተር ቀለም የምሞላበትን ስሪንጅና አንድ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ ይዤ በሚኒባስ ሄድኩ፣ ለማደር አስቤ ነው የሄድኩት።

እውነትም ምሰሶው በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስቷል። በመርፌዬ ከአንዱ ቀዳዳ አንድ ጠቆር ያለ ነቀዝ ጎትቼ አወጣሁና ከጀርባው፣ ከጎኑ፣ በሆዱም ገልብጬ ፎቶ አነሳሁት፣ ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጥቼ ኔትወርክ ፈልጌ ለግሩፑ ላክሁና ነቀዙን ቀዳዳው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ ማምሻው ላይ መደቡ ሥር ተንበርክኬ ዱቄቱን ስጠርግ ከላዬ ጠቅ አለ። ፋታ። ከዚያ ጠቅ ጠቅ። ቀና ሳልል ከጓዳ ማማሰያው የድስቱን ከንፈር መታ መታ አደረገ።

«ለማን ነው የሚመልሱት?» አልኳቸው።

እትዬ ብቅ አሉ፣ ያፈሩም ደስ ያላቸውም ይመስላሉ። «ለእሳቸው ነዋ። ሲመሽ ሲመሽ ይጠሩኛል፣ እኔም አለሁ እላቸዋለሁ። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ፣ እብድ ናት እንዳልባል። ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩት።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ካወቅኩ ሳልናገር አላድርም አላልኳችሁም? ስልኬን ይዤ ወደ ጉብታው ሮጥኩ፣ መልስ መጥቶልኛል። «ይሄ ወንዱ በጭንቅላቱ እንጨት እየመታ ሴቷን የሚጠራው ዓይነት ነው፣ በእስክሪብቶ ብትመቺለት ይመልስልሻል» ይላል። እመኑኝ፣ ከደስታዬ የተነሳ እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር በፎቶ ለይቼ አላውቅም ነበር። ፎቶውን አጉልቼ አሳየኋቸው፣ ጭንቅላቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚመታ፣ እሳቸው በማማሰያ ሲመልሱ ደግሞ ሴቷ የመለሰችለት እንደሚመስለው፣ ሁሉንም ዘርዝሬ አስረዳኋቸው።

እትዬ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት። «ይሄ ነው?» አሉ።

«ይሄ ነው እትዬ።»

«እኔን ሴቷ ናት ብሎ ነው በይኛ።» እጃቸው እርጥብ ሳይሆን በቀሚሳቸው ጠረጉት። «በይ እንግዲህ ቤቱን ሳይጥልብኝ ግደዪው።»

ፊታቸውን አይቼዋለሁ፣ አላየሁም ብል ውሸት ነው። ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልወድም፣ ቀዳዳውን አንድ ባንድ በስሪንጅ ነጭ ጋዝ ሞላሁት፣ በጧፍ ሰምም ደፈንኩት፣ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሸተተ። እራት ቀርቦ ሁለታችንም እህሉ አልወርድ አለን፣ እኔ በጋዙ ሽታ አሳበብኩ።

ገበታው ሳይነሳ ጠቅ አለ።

መጀመሪያ ውርጭ ሲጥል ቆርቆሮው የሚያሰማው ድምፅ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ከጋጣ በግ ይሆናል አልኩ። ፋታ ሆነና ጠቅ ጠቅ አለ። ተነስቼ ጆሮዬን ምሰሶው ላይ ለጠፍኩ፣ ምሰሶው ውስጥ ምንም የለም። ድምፁ ከመደቡ ነው። መደቡ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ እንጨት የሚባል ነገር የለውም፣ አጎዛውን ገልጬ የጋሽ ተክሌ ራስ ያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ጠቅታው ከመዳፌ ሥር መጣ፣ በእጄ ተሰማኝ፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ያንን መዳፌን ጉልበቴ ላይ እያሸሁ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ምድጃውን እያዩ ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ነቀዝ ነው አላልሽኝም?»

«ይሄ ድንጋይ እኮ ነው፣ ድንጋይ ውስጥ ነቀዝ የለም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ፋታው እያጠረ መጣ፣ ጋሽ ተክሌ ውሃ ጠምቷቸው ሰው ሲዘገይባቸው እንደሚያደርጉት፣ ያንን ደግሞ በጆሮዬ የሰማሁት ነው፣ ማንም አልነገረኝም። «እባክዎ ይመልሱላቸው» አልኩ፣ አጠገባቸው ሄጄ ለመንኳቸው፣ ጉልበታቸውንም ያዝኩ።

«ለነቀዝ አልመልስም» አሉ ዝግ ብለው፣ ቁጣም አልነበረባቸው። «ይሄን ሁሉ ማታ ከትል ጋር ሳወራ ኖሬ፣ አሳፈርሽኝ እኮ የኔ ልጅ።»

ጠቅታው አሁን ፋታ የለውም፣ እሳቸው ደግሞ አይነቃነቁም፣ በመካከል ላይ እኔ ነኝ ያለሁት። ጓዳ ገባሁና ማማሰያውን አንስቼ የድስቱን ከንፈር ልክ እንደ እትዬ አድርጌ መታ መታ አደረግኩት።

ቀጥ አለ። እየቀነሰ ሄዶ አይደለም፣ ወሬ የያዙ ሰዎች ዘንድ የማያውቁት ሰው ሲገባ ጨዋታው እንደሚቋረጥ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እዚያው ማማሰያውን እንደያዝኩ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም።

እትዬ ጥሩወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ እንዳልሆንኩ አወቁ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ጠቅ የሚል ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ዱቄቱም ቆሟል፣ ምሰሶው ጠንክሯል፣ ጎረቤቶቻቸው «የወንድምሽ ልጅ ቤትሽን አዳነችልሽ» እያሉ ያመሰግኑኛል፣ ምስጋናው ወደ እኔ በደረሰ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። ያንን የነቀዝ ፎቶ ግሩፑ ውስጥ እስካሁን የሚያደንቁት አሉ፣ እኔ ግን ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ።

በቀደም እትዬ ደወሉ። የልጆቼን ደህንነት ጠየቁኝ፣ የባሌን፣ የሥራዬን፣ ከዚያ «ያ ትል ሌላ ይገኛል ወይ?» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም። «አንድ ፈልገሽ ብታመጪልኝ። ምሰሶው ውስጥ ብታስገቢልኝ።»

«እትዬ፣ ቤቱ ይወድቃል እኮ» አልኩ።

«ይውደቅ» አሉ።

እሺ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ። ዘመሮ ገበያ ድረስ ሄጄ አሮጌ መቃንና በር የሚሸጡትን ስለምን ከርሜ ካንድ የተበሳሳ መቃን ውስጥ አገኘሁት፣ ፎቶ አንስቼ ለግሩፑ ላክሁ፣ ያው ነው፣ ያው ዓይነት፣ ምንም ጥርጥር የለውም አሉኝ። ከእንጨት ቁራጭ ጋር ካርቶን ውስጥ አድርጌ ሱቄ አስቀመጥኩት። ትናንት ማምሻውን በሩን ዘግቼ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረግኩለት፣ እሱም መለሰልኝ። ድምፁ ካርቶኑ ላይ ጆሮዬን ካልለጠፍኩ የማይሰማ ደቃቃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ እኩል ነው፣ ፋታ የሚባል ነገር አያውቅም። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ይሄ ድምፅ እንኳን ጓዳ ሊደርስ መደቡ ላይ ለተኛ ሰውም አይሰማም።

እንግዲያስ ያን ቀን ምሰሶው ላይ የሰማሁት ምን ነበር? እኔ ነቀዝ ነው ብዬ ነጭ ጋዝ ሳላጠጣው በፊት ያለውን ነው የምለው። ግሩፑን ልጠይቅ ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት።

ቅዳሜ ካርቶኑን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሲመሽ እትዬ ጥሩወርቅ ጓዳ ገብተው ማማሰያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ምንም ካልሰሙ ደግሞ መጥተው ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ያሳርፋሉ። ይሄኛው በእርግጥ ነቀዝ ነው፣ እሳቸውም ገና እንደሰሙት ጋሽ ተክሌ እንዳልሆኑ ያውቃሉ።